የትምህርት ቴክኖሎጂ ጉባኤን ከክፍል ሳይወጡ መካፈል፦ የመምህራን የቴሌግራም ውይይት አሠራር

ኢለርኒንግ አፍሪካ የሚባለው የትምህርት ቴክኖሎጂ ጉባኤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው እዚሁ አዲስ አበባ ነበር፤ ግንቦት 1998 ዓ.ም.፣ በተባበሩት መንግሥታት የጉባኤ ማዕከል። ያን ሰሞን ከምርጫ 97 በኋላ የተቋረጠው የሞባይል የጽሑፍ መልእክት እንኳ ገና አልተመለሰም፤ የተመለሰው በሚሊኒየሙ ሰሞን ነው። አዳራሹ ውስጥ ስለ ዲጂታል ትምህርት ሲመከር፣ ደብረ ታቦር ወይም አርባ ምንጭ ጠመኔ ይዞ የቆመ መምህር የሚሰማበትም የሚጠይቅበትም መንገድ አልነበረውም። በግንቦት 2007 ጉባኤው ተመልሶ ወደ አፍሪካ ኅብረት አዳራሽ ሲመጣም ስማርት ስልክ ገና የጥቂቶች ነበር።

ዛሬ መንገዱ አለ። ጉባኤው ኪጋሊም ይሁን ዳሬሰላም፣ የምዝገባውን ዩሮና የአውሮፕላኑን ቲኬት መክፈል የማይችል መምህር በቴሌግራም ሊከታተለው፣ ከዚያም አልፎ ሊጠይቅበት ይችላል። የማየው ችግር ግን ብዙዎቹ ግሩፖች በጉባኤው ጠዋት ተከፍተው፣ በሰልፊና በስላይድ ፎቶ ተሞልተው በሳምንቱ ጸጥ ማለታቸው ነው። ውይይት የሚሰምረው ከጉባኤው በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት በሚሠራ ሥራ ነው። አገር ቤት የቀረው መምህር ጥያቄ አዳራሽ ይግባ፣ መልሱም ወደ ክፍሉ ይመለስ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያገለግለው ለዚህ ነው፤ ለአንድ ትምህርት ቤት፣ ለአንድ ጉድኝት ማዕከል ወይም በአንድ የትምህርት ዓይነት ለተሰባሰቡ መምህራን ይሆናል።

1. አዳራሹ ውስጥ ሰው ይኑራችሁ

ከሁሉ በፊት ይህ። ጉባኤዎች ትልልቆቹን የጋራ መድረኮች አንዳንድ ጊዜ በቀጥታ ያስተላልፋሉ፤ ለመምህር የሚጠቅመው ወሬ ግን በብዛት ያለው በትንንሾቹ ትይዩ መድረኮች ነው። እነዚያን የሚያየው እዚያ የተገኘ ሰው ብቻ ነው።

ሰው ለማግኘት የጉባኤውን ፕሮግራም አውርዱና የአቅራቢዎችን ዝርዝር እዩ። ከኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ይዞ የሚሄድ፣ ከትምህርት ሚኒስቴር ወይም ከክልል ቢሮ የሚላክ፣ ወይም በከተማው የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ መምህር ሊገኝ ይችላል። ስትጠይቁ የምትጠይቁትን ትንሽ አድርጉት፦ «በቀን ሦስት መድረክ፣ ለእያንዳንዱ አራት መስመር፣ ከእኛ የሚላክልዎትን ሁለት ጥያቄ ማንሳት።» እንዲህ የተለካ ልመና እሺ ይባላል። «እባክዎ ያለውን ነገር ሁሉ ይላኩልን» የሚል ግን ማንንም ያደክማል፤ ሰውየው የሄደው ለራሱ ሥራ ነው። ከተቻለ ሁለት ሰው ይኑራችሁ፤ የአንዱ ስልክ ቻርጅ ሲጨርስ ሌላው ይቀጥላል።

አገር ቤት ደግሞ ሦስት ሰው ይበቃል፦ አወያይ፣ ጸሐፊና ጥያቄ ሰብሳቢ። አወያዩ ርዕሰ መምህሩ ወይም ሱፐርቫይዘሩ ባይሆን እመርጣለሁ። ሰዎቹ መጥፎ ስለሆኑ ሳይሆን፣ አለቃ በሚመራው ግሩፕ ውስጥ «እኛ ጋ ኮምፒውተሮቹ ተቆልፈው አቧራ ይዘዋል» ብሎ የሚጽፍ መምህር ስለማይገኝ ነው።

ማንም ካልተገኘ አትተዉት። ፕሮግራሙ ላይ ለእናንተ የሚጠቅሙ ሦስት አቅራቢዎችን ምረጡና ለእያንዳንዳቸው አንድ አጭር ጥያቄ በኢሜይል ላኩ። ከክፍል የመጣ፣ በአምስት መስመር ያለቀ ጥያቄ የሚመልስ አቅራቢ ይገኛል።

2. ፕሮግራሙን ወደ እኛ ሰዓት አምጡት

እዚህ ላይ ስህተት ከተፈጠረ ሙሉ ቀን ይበላሻል። ፕሮግራሙ ላይ 9፡00 ተብሎ የተጻፈው የአስተናጋጁ ከተማ ሰዓት ነው። ኪጋሊ ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ናት፤ የእነሱ 9፡00 እኛ ጋ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ይሆናል፣ የእነሱ 14፡30 ደግሞ ከቀኑ 9፡30። ዳሬሰላምና ናይሮቢ ከእኛ እኩል ስለሆኑ 9፡00 ማለት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ዳካርና አቢጃን በሦስት ሰዓት ወደኋላ ናቸው፤ እነሱ በ9፡00 ሲጀምሩ እኛ ጋ ቀትር 6 ሰዓት ነው። በኅዳር ገደማ በርሊን ላይ የሚካሄደውን ኦኢቢ የተባለ የትምህርት ቴክኖሎጂ ጉባኤ የምትከታተሉ ከሆነ ልዩነቱ ሁለት ሰዓት ነው፦ 9፡00 ማለት ከጠዋቱ 5 ሰዓት። አውሮፓ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓቱን ስለሚቀይር ግንቦት ላይ ልዩነቱ አንድ ሰዓት ብቻ እንደሚሆን አትርሱ።

ጸሐፊው ሠንጠረዡን በኢትዮጵያ ቀንና ሰዓት አዘጋጅቶ፣ «ጠዋት» «ከሰዓት» የሚለውን ሳይተው ጽፎ፣ ግሩፑ ላይ ፒን ያድርገው። ዋሽንግተን፣ ኢየሩሳሌም ወይም ዱባይ የሚኖሩ አባላት ካሉ የውጪውን ሰዓት አጠገቡ ጨምሩ። ከዚያ ላይ ስድስት ወይም ሰባት መድረክ ብቻ ምረጡ። ፕሮግራሙ ሰፊ ነው፤ ሁሉን ልከታተል ያለ አንዱንም አይዝም።

3. ግሩፑን አዘጋጁ

አዲስ ግሩፕ መክፈት ይሻላል፤ የትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ የሚለጠፍበት አሮጌ ግሩፕ ውስጥ ውይይቱ ይሰምጣል። ግሩፑ ቴሌግራም ላይ ሲከፈት ሴቲንጉ ውስጥ «ቶፒክስ» የሚለውን አብሩና አራት ክፍል ክፈቱ፦ ፕሮግራም፣ ጥያቄዎች፣ ከአዳራሹ፣ ሞከርኩት። የመጨረሻው ለጊዜው ባዶ ይሆናል፤ ይቆይ። «ከአዳራሹ» የሚለው ውስጥ ልዑካኑ (አዳራሹ ውስጥ ያሉት ሰዎቻችሁ) እና ጸሐፊው ብቻ ይጻፉ፤ አስተያየት ወደ ሌሎቹ ይሂድ። አዲስ ገቢዎች የቀደመውን መልእክት እንዲያዩ «ቻት ሂስትሪ» የሚለውን ክፍት አድርጉ።

አባላት ሲገቡ በመጀመሪያው ቀን ሁለት ነገር እንዲያስተካክሉ ንገሯቸው። አንደኛው ስልክ ቁጥራቸውን መደበቅ ነው፦ ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ፎን ነምበር፣ ከዚያ ኖባዲ። በተለይ ሴት መምህራን በማያውቁት ሰው ጥሪ እንዳይቸገሩ ይህ የግድ ነው። ሁለተኛው ዳታ መቆጠብ ነው፦ ሴቲንግስ፣ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ፣ ከዚያ ቪዲዮና ፋይል በራሱ እንዳይወርድ ማጥፋት። የቀን ፓኬጅ ገዝቶ የሚከታተል መምህር ባልጠየቀው ቪዲዮ ፓኬጁ ካለቀበት ነገ አይመለስም።

ስለ ቋንቋ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ የቀለለውን ይጻፍ፤ ጸሐፊው ማታ ፍሬ ነገሩን ሁሉም በሚረዳው ያጠቃልላል። በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛም ይፈቀድ። ሰው በሚቀለው ሲጽፍ ነው የልቡን የሚናገረው።

4. ጥያቄ መሰብሰብ

ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አፍስሱት። «ቴክኖሎጂ ለገጠር ትምህርት ቤት እንዴት ይጠቅማል?» የሚል ጥያቄ አዳራሽ ውስጥ ቢነሳ የሚገኘው መልስ ያው ንግግር ነው። አቅራቢው ፈገግ ብሎ ስለ ዕድሎችና ተግዳሮቶች ያወራል፣ መድረኩም ይዘጋል። አሁን ይህን እዩት፦

«9ኛ ክፍል 64 ተማሪ አለኝ። ኢንተርኔት የለም፣ መብራት በሳምንት ሦስት ቀን ያህል አለ። ያሳዩን የባዮሎጂ ማሳያ አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ ያለ ኔትወርክ ይሠራል? ስንት ጊጋባይት ይይዛል? በአንድ ላፕቶፕና በአንድ ፕሮጀክተር ለ64 ተማሪ ማሳየት ይቻላል ወይስ የግድ ለየተማሪው መሣሪያ ይፈልጋል?»

ለዚህ በንግግር ማምለጫ የለም። አቅራቢው ያውቃል ወይም አያውቅም፤ ሁለቱም ለእናንተ መረጃ ነው።

መምህራን እንዲህ ያለ ጥያቄ እንዲጽፉ የሚረዳቸው የራሳቸው ትዝታ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን ፕላዝማ አስታውሷቸው። ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ በራሱ ፍጥነት ይመጣል፤ መምህሩ መግቢያና መውጫ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይኖረዋል፤ ተማሪው ካልገባው «ቆይ» ብሎ ማቆም አይቻልም፤ መብራት ከጠፋ የዚያን ቀን ትምህርት አለፈ። ያኔ ያስተማረም ሆነ ያኔ የተማረ መምህር ለማንኛውም አዲስ መሣሪያ የሚጠይቀውን ያውቃል፦ መምህሩ ማቆምና መመለስ ይችላል? መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል? በግዕዝ ፊደል ይጽፋል፣ ያነባል ወይስ ፊደሉን ወደ ባዶ ሣጥን ይቀይረዋል? ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል፣ መለዋወጫው ከየት ይመጣል? የነጻ ሙከራው ጊዜ ሲያልቅ በምን ይከፈላል?

ጥያቄ ሰብሳቢው ለአንድ ሳምንት የመጣውን ሁሉ ይቀበል። ተመሳሳዩን ያዋህድ፣ ለእያንዳንዱም ቁጥር ይስጥ። ጸሐፊውም ልዑኩም «ቁጥር 7» ሲባል የቱ እንደሆነ ማወቅ አለባቸው። ከዚያ በቴሌግራም ፖል አሥሩን አስመርጡ። ፖሉ ላይ «አኖኒመስ ቮቲንግ» እንደበራ ይቆይ፤ ማን ምን እንደመረጠ ካልታየ ሰው በነጻነት ይመርጣል።

አንዳንዱ መልእክት በጥያቄ መልክ አይመጣም፤ በምሬት ይመጣል። «መጽሐፍ ሳያሟሉ ስለ ታብሌት ያወራሉ» ብሎ የሚጽፍ ይኖራል። አትሰርዙት። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር የታተመ መጽሐፍ በጊዜው ባለመድረሱ ብዙ ተማሪ በስልኩ ፒዲኤፍ እንዳነበበ ሁላችንም እናውቃለን፤ ምሬቱ እውነት ነው። ጥያቄ ሰብሳቢው በአክብሮት ይመልስለት፦ «ጋሼ፣ ይህን ወደ አዳራሹ እንውሰደው። “መጽሐፉ ለአምስት ተማሪ አንድ ብቻ በደረሰበት ክፍል፣ የመጽሐፉን ፒዲኤፍ ያለ ኢንተርኔት ለሁሉም ለማዳረስ የትኛው መንገድ ረከሰ?” ብንለው ይስማማሉ?» ብዙውን ጊዜ ይስማማሉ፣ የተሻለ አድርገውም ያስተካክሉታል።

5. የጉባኤው ቀናት

ልዑኩ የሚልከው ዘገባ አራት መስመር ነው፦ መድረኩ፣ ተናጋሪው፣ የተባለው፣ ጥያቄያችን። ለናሙና ያህል የተዘጋጀ አንድ እነሆ፦

«መድረክ፦ ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ መማሪያዎች።
ተናጋሪ፦ የገጠር ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህርት።
የተባለው፦ ኮሊብሪ የተባለውን የመማሪያ ፕሮግራም አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ጭና በዋይፋይ ከ12 ታብሌት ጋር ታገናኛለች። ፕሮግራሙ ነጻ ነው፤ ይዘቱ አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም።
ጥያቄያችን፦ ቁጥር 7 ተጠይቋል። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ ሁለት ሰዓት ገደማ ይቆያል፣ ከዚያ ወደ ጥቁር ሰሌዳ ትመለሳለች።»

የመጨረሻዋ መስመር ከሁሉም ትበልጣለች። ጥያቄው ካልተጠየቀም «አልተጠየቀም፣ ሰዓት አልቋል» ይባል። ቁጥር 7ን የጻፈው መምህር ያቺን መስመር እየጠበቀ ነው።

የስላይድ ፎቶ ሲላክ በፋይል መልክ ሳይሆን በተራ ፎቶ ይላክ፤ ቴሌግራም ያቀልለዋል። በአንድ መድረክ ከሁለት ፎቶ አይብለጥ፤ ቁጥር ወይም ሥዕላዊ መግለጫ ያለበት ብቻ። የሰው ፊት፣ በተለይ የተማሪ ፊት ያለበት ምስል ከአዳራሽ ወጥቶ ግሩፕ ላይ አይለጠፍ። ቮይስ የሚላክ ከሆነ ከአንድ ደቂቃ ይነስ፤ ጸሐፊው ከሥሩ ፍሬ ነገሩን በጽሑፍ ያስቀምጥ። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ቮይስ ከፍቶ ማዳመጥ ለብዙዎች አይመችም። ኢለርኒንግ አፍሪካ ላይ በፈረንሳይኛ የሚካሄዱ መድረኮችም ስላሉ፣ ልዑኩ በአስተርጓሚ የሰማውን «በአስተርጓሚ» ብሎ ይግለጽ።

አንድ ነገር አጥብቄ እጠይቃለሁ፦ ተናጋሪው ያለውንና ልዑኩ ያሰበውን ለዩ። «ይህ የእኔ አስተያየት ነው» የምትል ሐረግ ትበቃለች። ድርጅቶች ምርታቸውን የሚያስተዋውቁበት መድረክ ከሆነም ይጻፍ። ሻጭ ስለ ዕቃው የሚናገረውና መምህር ስለተጠቀመበት የሚመሰክረው እኩል ሊመዘን አይገባም።

6. የማታው ውይይት

ቀን ላይ መምህር ክፍል ውስጥ ነው። ስለዚህ ዋናው ውይይት ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ይሁን፣ በጽሑፍ። ብዙ ግሩፖች የቀጥታ ድምፅ ውይይት ይወዳሉ፤ እኔ ለዚህ ሥራ አልመርጠውም። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ግማሹ ሰው ይወድቃል፣ ደፋሩ ብቻ ይናገራል፣ በማግስቱም የሚነበብ ነገር አይቀርም። ጽሑፍ ከሆነ ማታ መብራት የጠፋበት ሰው ንጋት ላይ አንብቦ ይመልሳል። ለዚህም የእያንዳንዱ ማታ ውይይት እስከ ማግስቱ ቀትር ክፍት ይቆይ።

አወያዩ በአንድ ማታ የሚያነሳው አንድ ጉዳይ ነው፤ ሁለት ቢበዛ። መክፈቻው «ምን ትላላችሁ?» አይሁን። «ዛሬ ስለ ኮሊብሪ የሰማነውን እናንተ ጋ ነገ ለመጀመር የሚጎድላችሁ አንድ ነገር ምንድን ነው?» ብትሉ ግን «ላፕቶፑ አለ፣ ግን ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ነው» የሚል መልስ ይመጣል፤ ሌላው ቀጥሎ እንዴት እንዳስፈቀደ ይናገራል። ውይይት ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

መልእክቱ ከበዛና አንድ ሁለት ሰው ሜዳውን ከያዙት «ስሎው ሞድ»ን አብሩ፤ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ጭቅጭቅ ሲነሳ አወያዩ በግል ይጻፍ፤ በዕድሜ የገፋን መምህር ሰው ፊት ማረም ነገሩን ያባብሰዋል። ፖለቲካና ብሔር ውስጥ የገባ መልእክት ወዲያው ይነሳ፣ ለላኪውም ምክንያቱ በግል ይነገረው። ማስታወቂያ የሚለጥፍ ሰው አንድ ጊዜ ይነገረው፣ ሁለተኛ ይውጣ።

ዝምታም ያጋጥማል። ያን ጊዜ በጅምላ «ተሳተፉ እንጂ» ማለት አይሠራም። «ቲቸር፣ እርስዎ ቁጥር 4ን ጽፈው ነበር፤ ዛሬ የመጣው መልስ አጠገብዎት?» ብሎ በስም መጥራት ይሠራል።

ኢለርኒንግ አፍሪካ አንድ የመከራከሪያ ሐሳብ ቀርቦ ሁለት ወገን የሚሟገትበት፣ ታዳሚውም ድምፅ የሚሰጥበት ክርክር ያዘጋጃል። ሐሳቡን አስቀድማችሁ ካገኛችሁት ከክርክሩ በፊት በራሳችሁ ፖል ድምፅ ስጡ፣ ከዘገባው በኋላም ድገሙት። ሐሳቡን የቀየረ ሰው ለምን እንደቀየረ ሲጽፍ ከዘገባው የሚበልጥ ነገር ይገኛል።

7. ጉባኤው ካለቀ በኋላ

በአንድ ሳምንት ውስጥ ጸሐፊው ከሁለት ገጽ ያልበለጠ ማጠቃለያ ያዘጋጅ፦ አሥሩ ጥያቄዎች፣ ከእያንዳንዱ ሥር መልሱ ወይም «አልተመለሰም»፣ በመጨረሻም ነገ ሊሞከሩ የሚችሉ ነገሮች። ፒዲኤፉ ግሩፕ ላይ ይቀመጥ፤ ታትሞም መምህራን ማረፊያ ክፍል ይለጠፍ። ስማርት ስልክ የሌላቸው መምህራን አሉ፤ ብዙ ጊዜም ረጅሙ ልምድ ያለው እነሱ ጋ ነው። ፈቃደኛ የሆነ የሚኒ ሚዲያ ክበብ ካለ ለተማሪም ይነበብ።

ባዶ የቆየችው «ሞከርኩት» የምትከፈተው አሁን ነው። እያንዳንዱ ፈቃደኛ መምህር አንድ ነገር ብቻ ይምረጥ። አንዱ ኪዊክስን ላፕቶፑ ላይ ጭኖ ዊኪፒዲያን ያለ ኢንተርኔት ለተማሪዎቹ ሊያሳይ ይችላል። ሌላዋ የመጽሐፉን ምዕራፍ በትንንሽ ፋይል ቆራርጣ ለተማሪዎቿ ልታካፍል ትችላለች። ከሦስት ሳምንት በኋላ የሠሩትን፣ ያልሠራውንና የወሰደባቸውን ጊዜ ይጻፉ። ያልሠራው ሲጻፍ ሌላው መምህር ያንን ድካም አይደግመውም፤ አወያዩ እንዲህ ያለ ዘገባ ሲመጣ ቀድሞ ያመስግን።

ከዚያ ዘገባዎቹን አጠር አድርጋችሁ ለአቅራቢው በኢሜይል መልሱለት። መሣሪያው 64 ተማሪ ባለበት ክፍል ምን እንደሆነ የሚነግረው ሰው ብዙም አያገኝም፤ አንዳንዱ ከዚያ በኋላ ራሱ ግሩፑ ውስጥ ገብቶ ይመልሳል።

ጉባኤዎች የጥናት ጥሪ የሚያወጡት ከወራት በፊት ስለሆነ ጸሐፊው የቀጣዩን ዓመት ጥሪ እየተከታተለ ፒን ያድርገው። «ሞከርኩት» ውስጥ የተሻለ ውጤት ያመጡ ሁለት መምህራን ተጣምረው፣ እንግሊዝኛ የሚያርምላቸው ሰው ታክሎ፣ የክፍላቸውን ሙከራ ለጥሪው ያስገቡ። ማመልከቻውን ሲልኩ ከአፍሪካ ለሚመጡ አቅራቢዎች የምዝገባ ቅናሽ ወይም የጉዞ ድጋፍ ይኖር እንደሆነ በዚያው ኢሜይል ይጠይቁ፤ የትምህርት ቤቱ የድጋፍ ደብዳቤም ከማመልከቻው ጋር ተያይዞ ይሂድ።